ሁለት ይጎድላሉ

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ስለሆነ ነው። በእኔው ላይ የሆነ።

አስፈሪ ነገር ሁሉ በሌሊት የሚመጣ ይመስላችኋል፣ አይደል?

የእኔ በጠራራ ፀሐይ ነው የመጣው። ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ... ልጆች እየተሳሳቁ፣ ሴቶች የተሰጣ ዓሣ እያገላበጡ፣ ውሻው ጥላ ሥር ተጋድሞ።

ቦታው ሊናዋን ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ሳማር ደሴት ጠርዝ ላይ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው። የማስተምረውም እዚሁ ነው።

ጊዜው ባለፈው መጋቢት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ። አምስት ቀን።

ቅዳሜ ዕለት፣ በአዲሱ የስፖርት ሜዳችን ምርቃት ላይ፣ ማይክ ይዤ ግማሹን ለመንደሩ ሰው ተናግሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን የሚያዞሩ አሉ። ልክ ናቸው።

ሌላውን ግማሽ ግን ለማንም አልነገርኩም። የምነግረው ለእናንተ ነው።

ስሜ ሜርሊ ነው።

መጀመሪያ ቲቸር ጋኒ ማን እንደነበር ልንገራችሁ።

ሙሉ ስሙ ኢሳጋኒ ነበር። የሃያ አራት ዓመት ወጣት። አባቱ ታታይ ሴሎ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ታታይ እኛ ጋ አባባ እንደማለት ነው። ከሊናዋን ወጥቶ ኮሌጅ ጨርሶ የተመለሰ የመጀመሪያው ሰው ጋኒ ነበር። ሌሎቹ ከጨረሱ አይመለሱም። እሱ ተመለሰ።

ያስተማረን ስድስተኛ ክፍል ነው። ክፍልፋይ ሲያስተምረን እውነተኛ ዓሣ ይዞ ክፍል ይገባና ጠረጴዛው ላይ በቢላ ይከፋፍለዋል።

"ሁለት ስድስተኛውን የሚፈልግ?" ይላል።

ሁላችንም እጃችንን እናወጣለን።

"ጭንቅላቱን እንዳትቆጥሩት። ጭንቅላቱ የአስተማሪ ነው።"

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሴቶች መረብ ኳስ ያሠለጥነናል። ሜዳ የሚባል ነገር አልነበረንም። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ባሕሩ ሲሸሽ የሚቀረው አሸዋ ላይ፣ በአሮጌ ገመድ መስመር አበጀልን። መረቡን የሠራው ከአባቱ ያረጀ የዓሣ መረብ ላይ ቆርጦ ሰፍቶ ነው። ኳስ በመታው ቁጥር ዓሣ ዓሣ ይሸተን ነበር።

እናቴ መጫወት ከልክላኝ ነበር።

"ይቺ ስትዘል ዓሣዬን ማን ያገላብጥልኛል?" አለችው።

ቲቸር ጋኒ አልተከራከራትም። የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ፣ ቆጡ ላይ የተሰጣውን ዓሣ አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ዋለ። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ሳቀች።

"በቃ ውሰዳት" አለችው። "አንተስ ዓሣዬን ቦጫጭቀህ ጨረስከው።"

ተጫዋች የሆንኩት እንደዚያ ነው።

አንድ ልማድ ነበረው። ባሕሩ እግራችን ሥር ስለሆነ፣ ልምምድ ስንጀምርም ስንጨርስም ይቆጥረናል። ስምንት ነበርን። ስምንት ካልሞላን ማንም ንቅንቅ አይልም። አንዴ ዴልያ ሽንት ቤት ገብታ ስትቆይ ሰባታችንንም አቁሞ አስጠበቀን።

"ቲቸር፣ እዚያ እኮ ነች፣ በሩ ይታያል።"

"ስትወጣ እንቆጥራታለና።"

ተሳቀ። እሱም ሳቀ። ግን አልለቀቀንም።

አሁን የማፍርበትን ልናገር...

የዛሬ አስራ ዘጠኝ ዓመት ነው፣ ነሐሴ ውስጥ። አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የወረዳው ውድድር ሊጀመር ስድስት ቀን ሲቀረው ቲቸር ጋኒ ዴልያን ከተሰላፊዎቹ አወጣት። ሦስት ቀን በተከታታይ አርፍዳ ነበር። ዴልያ እንደ እህቴ ናት፤ አንድ ሰሃን ላይ ነው ያደግነው። ስታለቅስ አየኋትና ደሜ ፈላ።

"ቆይ፣ ያለ እኛ ሲጫወት እናየዋለን" አልኳት።

ሐሳቡ የእኔ ነበር። የዴልያ አይደለም። ይህን ቅዳሜም ተናግሬያለሁ።

በምሳ ሰዓት ሄደን ነገርነው። "ቲቸር፣ ከክፍል በኋላ የዴልያ አጎት አጥሩ ጋ ልኮናል። ዓሣ አምጡልኝ ብሎናል።"

አጥሩ ባሕሩ መሃል በቀርከሃ የተሠራ የዓሣ ማጥመጃ ነው። በታንኳ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል።

ቲቸር ጋኒ ሰማዩን አየ። ረጅም ጊዜ አየው።

"ዛሬ ሰማዩ ጥሩ አይደለም" አለ። "እንዳትሄዱ።"

"እሺ ቲቸር።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዴልያን አጎት ታንኳ ፈትተን፣ ሥራቸውን ውሃ ውስጥ የዘረጉት የማንግሮቭ ዛፎች መሃል ደበቅናት። ከዚያ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው የኮኮናት ማድረቂያ ቤት ውስጥ ሾልከን ገባን። ጥሬ ማንጎና ጨው ይዘን ነበር።

ታንኳዋን ቦታዋ ሲያጣት ትንሽ እንዲጨነቅ ነው የፈለግነው። ትንሽ ብቻ...

አስር ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ከሩቅ እንደ ነጭ ግድግዳ ቆሞ፣ ባሕሩን እየጠረገ መጣ። የተደበቅንበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከዝናቡ ጩኸት ሌላ ምንም አልሰማንም።

ምንም አልሰማንም... አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነው።

ሲያባራ ወጣን። አሸዋው ላይ ሰው የለም። ሌሎቹን ስድስት ልጆች ገና ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ቆጥሮ ወደ ቤታቸው ልኳቸዋል። ታንኳዋን ከዛፎቹ መሃል አውጥተን ቦታዋ ላይ አሰርናት። ማንም አላየንም።

ሊመሽ ሲል ባሕሩ ዳር ጩኸት ሰማን። የቲቸር ጋኒ አባት ታንኳ የለም። ቲቸር ጋኒም የለም።

ታታይ ሴሎ በሰው ሁሉ ፊት ደረታቸውን ይመቱ ነበር።

"እኔ ነኝ" ይላሉ። "ጠዋት መረቡን አውጣልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት።"

መንደሩ በሙሉ ያመነው ይህን ነው። ለአባቱ መረብ ወጥቶ ማዕበል ወሰደው።

እኔና ዴልያ እዚያው ቆመን ነበር። የዴልያ አፍ ሲከፈት አየሁት። ጆሮዋ ሥር ገብቼ ያንሾካሾኩት እኔ ነኝ።

"ዝም በይ" አልኳት።

ታንኳው በሦስተኛው ቀን ከማዶ ባለው ደሴት ተገልብጦ ተገኘ። እሱ አልተገኘም። እስከ ዛሬ።

አደግን። ዴልያ ማኒላ ሄዳ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባች፣ አግብታ ወለደች። እኔ አስተማሪ ሆንኩ። በእሱ ትምህርት ቤት፣ በእሱ ክፍል። የሴቶቹን መረብ ኳስም የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ሰው "የቲቸር ጋኒ ምትክ" ይለኛል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ።

ታታይ ሴሎ ከዚያ ወዲህ ለዓሣ ባሕር ገብተው አያውቁም። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሰው መረብ ይጠግናሉ። በዚያ ሳልፍ ሰላም እላቸዋለሁ።

"እንዴት ዋሉ ታታይ?"

"ደህና ልጄ። ልጆቹ እንዴት ናቸው?"

ሁልጊዜ ስለ ልጆቹ ነው የሚጠይቁኝ።

ባለፈው መጋቢት፣ እሑድ ዕለት፣ የመንደራችን ሊቀመንበር ሩፊኖ ቤቴ መጣ። ጣሪያ ያለው አዲስ ሜዳ ተሠርቶልን ነበር። በቲቸር ጋኒ ስም ሊሰየም ነው።

"ቅዳሜ ምርቃቱ ነው። ስለ እሱ የምትናገሪው አንቺ ነሽ" አለኝ።

"ሌላ ሰው ይናገር።"

"ማን ይናገር? ካንቺ የበለጠ የሚያውቀው አለ? እኔ ማይክ ከያዝኩ እንደሆነ ሰዉ ገና ሳልጀምር ምግቡን ይጠይቀኛል።"

ሳቅኩለት። እሺ አልኩት።

በማግስቱ ሰኞ ጀመረ።

አዲሱ ሜዳ እስኪመረቅ ድረስ ተቆልፏል። ልምምዳችን እንደ ድሮው አሸዋው ላይ ነው። ሪካ የምትባል የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ። ሰርቭ ስታደርግ ኳሷ መረቡን ተሻግራ አታውቅም። የዚያን ቀን ተሻገረች። ከዚያ ደግማ። ከዚያ ደግማ...

እጇን አየሁት። ክርኗ ከጆሮዋ በላይ፣ ግራ እግሯ ወደፊት፣ ከመምታቷ በፊት አንድ ትንፋሽ። እኔ እንደዚያ አላስተምርም። እንደዚያ የሚያስተምር አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

"ማነው ያሳየሽ?" አልኳት።

"ሰውየው።"

"የቱ ሰውዬ?"

በከንፈሯ ወደ ባሕሩ ጠቆመችኝ።

ዞርኩ። ውሃ። ፀሐይ። ሌላ ምንም የለም።

"የታለ?"

"አሁን እኮ እዚህ ነበር" አለችና ኳሷን ልታመጣ ሮጠች።

ማክሰኞ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ኳስ ወደ ውሃው ሲያመልጥ ልጆቹ ሮጠው ያመጣሉ። ግን በቀጥታ አይሮጡም። አንድ ቦታ ሲደርሱ ዞር ብለው ያልፋሉ። ሁሉም። እዚያች ቦታ ሲደርሱ ብቻ። የቆመ ሰው እንደምንዞረው።

"ለምንድነው የምትዞሩት?" አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ።

"በየጊዜው ይቅርታ ማለት ይሰለቻል ቲቸር" አለች አንዷ።

"ማንን?"

አንገቷን ደፋች።

ሄጄ ቦታዋ ላይ ቆምኩ። አካባቢው ሁሉ ልሙጥ አሸዋ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ግን፣ የአንድ ሰው ጥላ በምታህል ስፋት፣ አሸዋው በጥቃቅን ጉድጓዶች ተበሳስቷል።

ጠብታ የበሳው ነው። ዝናብ።

ሊናዋን ላይ ዝናብ ከዘነበ አስር ቀን አልፎታል።

ረቡዕ ልምምዱን ቶሎ ጨረስኩ። ዘጠኝ ልጆች ናቸው ያሉኝ። ቆጠርኳቸው፣ ዘጠኝ። "በሉ ወደ ቤት" አልኳቸው።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"ምን ትጠብቃላችሁ?"

"አልጨረሰም" አለች ሪካ።

"ማን?"

"ተይ ቲቸር... እየቆጠረ ነው።"

ድምፄ እንደ ሹክሹክታ ነው የወጣው። "ምን ይላል?"

"ሁለት ይጎድላሉ ይላል።"

...

"ሁላችንም አለን እኮ። በየቀኑ እንነግረዋለን። እሱ ግን ሁለት ይጎድላሉ ነው የሚለው።"

"ምን... ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ፊቱ አይታይም።"

"ለምን?"

"ዝናቡ ይከልለዋል።"

"የምን ዝናብ ነው ሪካ?"

"እሱ ላይ ብቻ የሚዘንበው" አለችኝ። ይህን እንዴት አታውቂም በሚል ዓይን እያየችኝ።

ለልጆቹ ስለ ቲቸር ጋኒ ቆጠራ ነግሬያቸው አላውቅም። የዚያን ቀን ባሕር የወጣው የጎደሉትን ሁለት ልጆች ሊፈልግ እንደነበር የሚያውቅ ደግሞ በሕይወት ያለን ሁለት ሰዎች ብቻ ነን።

ቤት እንደገባሁ ለዴልያ ደወልኩላት። ከተነጋገርን ዓመት አልፎን ነበር።

"ዴልያ..."

"ምን ሆንሽ? ድምፅሽ ምን ሆነ?"

"ቲቸር ጋኒ..."

ከበስተኋላዋ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

"አንቺም ጋ መጣ?" አለች፤ በጣም በቀስታ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ሰኞ ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ ሄድኩ" አለች። "የበሩ ዘበኛ 'አንድ ሰውዬ ሲፈልግሽ ነበር' አለኝ። ማነው አልኩት። 'እንጃ፣ ጃንጥላ የለውም፣ ልብሱ ይንጠባጠባል። ደህና ናት ወይ ብቻ ነው ያለኝ' አለ። ፀሐይ ነበር ሜርሊ... አስፋልቱ እንደ ምጣድ ግሎ ነበር።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"ለታታይ ሴሎ ልነግራቸው ነው" አለች።

"ቅዳሜ ምርቃት አለ።"

"እና?"

"እኔ ነኝ የምናገረው። ሰው ሁሉ... ከምርቃቱ በኋላ ይሁን። እባክሽ።"

"ያኔም ዝም በይ ብለሽኛል" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

እውነቱን ልንገራችሁ? በዚያች ሰዓት የፈራሁት እሱን አልነበረም። መዋረድን ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ አሁንም የምጨነቀው ለራሴ ስም ነበር።

ሐሙስ አሸዋው ላይ ቆሜ ልጆቹን ሳይ ዋልኩ። ስንጨርስ ሁሉም ወደ ባሕሩ ዞረው ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ሪካ ወደ እኔ መጣች።

"ቲቸር፣ ዛሬ ቀነሰ።"

"ምኑ?"

"አንድ ይጎድላል አለ።"

እየሮጥኩ ቤት ገብቼ ደወልኩ። ዴልያ ገና ሳልጠይቃት ጀመረች።

"ጠዋት ደወልኩላቸው። በጎረቤታቸው ሱቅ ስልክ። ለመረብ አይደለም የወጣው፣ እኔን ሊፈልግ ነው አልኳቸው። ዋሽቼው እንደነበር ነገርኳቸው።"

"ምን አሉሽ?"

"ብቻሽን ነበርሽ? አሉኝ።"

"አንቺስ?" አልኳት።

"የራሴን ነው የነገርኳቸው" አለች። "ያንቺን አንቺ ንገሪያቸው።"

የንግግሬን ወረቀት አውጥቼ አየሁት። "ቲቸር ጋኒ ተማሪዎቹን ከልቡ ይወድ ነበር" ይላል። ከዚያ በታች ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ። ብዕሩን ይዤ ቁጭ አልኩ። አንድ ቃል አልተጻፈም።

ዓርብ አሞኛል አልኩ። ልምምድ አልሄድኩም። ወደ ባሕሩ የሚያየውን መስኮት ዘግቼ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ።

አስር ሰዓት ሆነ...

የሩጫ ድምፅ ሰማሁ። ባዶ እግር። በሬ ተንኳኳ።

ሪካ ነበረች።

የቀሚሷ ግራ በኩል ውሃ ያንጠባጥባል። ግራ ትከሻዋ፣ ግራ ጉንጯ፣ የፀጉሯ ግማሽ። ቀኟ ደረቅ ነው። ከሆነ ሰው ጎን ለጎን ስትሄድ የመጣች ትመስላለች።

"ቲቸር... እንድፈልግሽ ልኮኝ ነው።"

ማን ብዬ አልጠየቅሁም።

"ሰማዩ ጥሩ አይደለም፣ ቶሎ ፈልጊያት አለኝ።"

ከጀርባዋ ሰማዩን አየሁት። አንዲት ደመና የለበትም።

"ተቆጥቷል?" አልኳት።

ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

"አልተቆጣም። ፈርቷል።"

"ምኑን ነው የፈራው?"

"እንዳትሰምጪ።"

የሚቆጣኝ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ቢረግመኝ እችለው ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን፣ እኔ ደረቅ ልብስ ለብሼ፣ በልቼ፣ ተኝቼ... እሱ አሁንም እየፈለገኝ ነው።

ሪካን ልብስ ቀይሪ ብዬ ወደ እናቷ ላክኋት። እኔ ጫማም አላደረግሁም። ወደ ታታይ ሴሎ ቤት ሄድኩ።

እንደ ሁልጊዜው ደጃፋቸው ላይ መረብ እየጠገኑ ነበር።

"ቲቸር ሜርሊ" አሉ። "ነይ ተቀመጪ።"

መቀመጥ አልቻልኩም።

"ታታይ... ከዴልያ ጋር የነበርኩት እኔ ነኝ።"

እጃቸው ቆመ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሐሳቡ የእኔ እንደነበር። ታንኳዋን የት እንደደበቅናት። ደረታቸውን ሲመቱ አጠገባቸው ቆሜ ዴልያን ዝም በይ እንዳልኳት። ምንም አላስቀረሁም፣ ከአንድ ነገር በስተቀር።

ዓይናቸው መረቡ ላይ ነው።

"በማግስቱ ጠዋት" አሉ በመጨረሻ፣ "ሰዉ ሁሉ ጀልባ ይዞ ወደ ጥልቁ ሲሄድ እኔ መረቤ ጋ ሄድኩ። ተጠላልፎ ይሆናል ብዬ። መረቡ እንደጣልኩት ነበር። ቋጠሮው የእኔ ቋጠሮ ነው። እጅ አልነካውም።"

"ታታይ..."

"ለመረቡ እንዳልወጣ አስራ ዘጠኝ ዓመት አውቃለሁ። ለምን እንደወጣ ነው የማላውቀው። ሰው ሲጠይቀኝ ለመረቡ ነው እላለሁ። ሌላ ምን እላለሁ? ሌሊት ሌሊት ግን..." ድምፃቸው ተቆረጠ። "ልጄ መኖር አስጠልቶት ይሆን? እያልኩ ነው የኖርኩት። ምን አጠፋሁበት? እያልኩ።"

ይህ በሐሳቤ መጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ።

መሬት ላይ ተንበረከክሁ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ። "እንዳትዋሺኝ።"

"እሺ።"

"ሲወጣ ጠርቷችሁ ነበር?"

ለዴልያ እንኳ አንስቼላት የማላውቀው፣ ያስቀረሁት ነገር ይህ ነበር።

"አዎ" አልኩ።

"ሰምታችሁት ነበር?"

ቆርቆሮው ይጮህ ነበር። ግን ሰምተነዋል። ፊሽካውን ሦስት ጊዜ ነፋ። ከዚያ ስማችንን ጠራ። መጀመሪያ የዴልያን። ቀጥሎ የእኔን። ደጋግሞ፣ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ድረስ። ዴልያ ልትነሣ ስትል አፏን በእጄ ያፈንኩት እኔ ነኝ።

"ሰምተነው ነበር" አልኳቸው። "እኔ እየሳቅሁ ነበር።"

ታታይ ሴሎ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ተነሡ። ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ላይ አንድ ያረጀ ፎጣ አወረዱ። ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ እንደ ካርቶን ደርቆ ነበር። ትከሻቸው ላይ ጣሉትና ወደ ባሕሩ ሄዱ። ተከተልኳቸው።

ነፋስ የለም። ባሕሩ እንደ መስታወት ተኝቷል። ልጆቹ ጨዋታቸውን አቁመው አሸዋው ላይ ቆመዋል። ከእነሱ ፊት ለፊት፣ ውሃው ላይ፣ የመንደሩ ታንኳዎች እስከ ሩቅ ድረስ በሰልፍ ታስረዋል። ቀዛፊ የለባቸውም።

ታታይ ሴሎ ውሃው ጠርዝ ላይ ቆሙ። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ከሰማኋቸው አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

"ጋኒ" ብለው ተጣሩ። "ተገኝተዋል። ሁለቱም አሉ ልጄ። ና ውጣ፣ ብርድ ይመታሃል።"

ምንም የለም።

...

ከሁሉም የራቀችው ታንኳ በአንድ ጎኗ ዘንበል አለች። የደከመው ሰው እጁን ጣል አድርጎ ትንፋሽ የሚወስድባት ትመስል ነበር። ከዚያ ቀና አለች።

ቀጥሎ ያለችው ዘንበል አለች። ቀና አለች።

ቀጥሎ ያለችው...

ወደ እኛ ነው የሚመጣው።

የመጨረሻዋ ታንኳ ቀና ስትል ታታይ ሴሎ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ፎጣውን በሁለት እጃቸው ዘረጉት። ሲዋኝ የዋለ ልጅ ከውሃ ሲወጣ እንደሚዘረጋለት።

ፎጣው መሃሉ ላይ ጠቆረ። መጀመሪያ የመዳፍ ያህል። ከዚያ ሰፋ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ... የሁለት ትከሻ ያህል። ከታችኛው ጫፉ ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ።

ታታይ ሴሎ ቀስ ብለው እጃቸውን አጠፉና አቀፉት።

እጃቸው ግን ደረታቸው ጋ አልደረሰም። የአንድ ሰው አካል ያህል ሲቀረው መሃል ላይ ቆመ።